«ኤፒክ»ን በአማርኛ እንዴት እንፍታው? ለሰሜን ሸዋ መምህራንና ተርጓሚዎች

ተማሪ እጁን አውጥቶ «ኤፒክ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው መልስ «እንደኛ ፉከራ ነው» የሚለው ነው። መንዝና ተጉለት፣ ጅሩና ቡልጋ ፉከራ የሚታወቅበት አገር ስለሆነ መልሱ ልብ ይሞላል፤ ተማሪውን ግን መንገድ ያስታል። ተርጓሚው በበኩሉ ቃሉ በመጣ ቁጥር «ታላቅ» እያለ ያልፈዋል። ታላቅ ግጥም፣ ታላቅ ፊልም፣ ታላቅ ጉዞ፣ ታላቅ ቴአትር ሲል ይውልና አንባቢው አራቱ ለምን በአንድ ቃል እንደተጠሩ ሳያውቅ ገጹን ይገለብጣል።

ሁለቱም ስሕተቶች የሚመጡት ቃሉ ለሚያመጣው ስሜት ሲሉ የሚሠራውን ሥራ ከመርሳት ነው። ኤፒክ ከትልቅነትም ከጀግንነትም በፊት የአተራረክ ቃል ነው፤ አንድ ሰው የሌላን ሰው ሥራ ለተሰበሰበ ሕዝብ በሰፊው ሲተርክ ማለት ነው። ይህን ከያዙ የቀረው ትርጉም ሁሉ ይከተላል።

ከሥሩ ይጀምሩ። መነሻው የግሪክኛው «ኤፖስ» ነው፤ ቃል፣ ንግግር፣ ተረክ ማለት ነው። ከእሱ «ኤፒኮስ» የሚለው ቅጽል ወጣ፣ በላቲን «ኤፒኩስ» ሆኖ አልፎ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ሰሌዳ ላይ «ኤፖስ = ቃል» ብለው ይጻፉና ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አያጥፉት። እዚህ ላይ ሁለት መምታታት አለ። አንደኛ፣ «ኤፒዴሚክ» እና «ኤፒሶድ» ውስጥ ያለው «ኤፒ» ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ እሱ «ላይ» ወይም «ተጨማሪ» የሚል ትርጉም ያለው መነሻ ቅጥያ ነው። ሁለተኛ፣ ዘመን ማለት የሆነው «ኢፖክ» በድምፅ ስለሚቀርብ «ኤፒክ ታሪክ» የሚለውን «የዘመን ታሪክ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ሥሩ ሌላ፣ ትርጉሙም ሌላ ነው።

ቀጥሎ ቃሉ ከምን ጎን እንደቆመ ይዩ። ኤፒክ ብቻውን ሲቆም አይፈታም፤ የሚፈታው ጎረቤቱ ነው።

ጎረቤቱ «ግጥም» ከሆነ የምንናገረው ስለ አንድ የሥነ ጽሑፍ ዓይነት ነው፤ ረጅም፣ ተራኪ፣ ከፍ ባለ ቋንቋ የተነገረ፣ የአንድ ሕዝብ ዕጣ የተንጠለጠለበት ጀግና ያለበት ግጥም። ከአራቱ ባሕርያት ተማሪ ቶሎ የሚረሳው «ተራኪ» የሚለውን ነው፤ እሱን ሦስት ጊዜ ቢደጋግሙት አይበዛም። ለምሳሌ የሚመቸው የጥንቱ የግሪክ ገጣሚ የሆሜር ኢሊያድ ነው። 24 ክፍል አለው፣ ከ15,000 በላይ ስንኝ ነው። ተማሪ ይህን ቁጥር ሲሰማ አሥር ዓመት የፈጀውን የትሮይ ጦርነት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚተርክ ይመስለዋል። አይደለም። ግጥሙ የሚይዘው ከአሥረኛው ዓመት የጥቂት ሳምንታት ታሪክ ብቻ ነው፤ በግሪክኛው የመጀመሪያው ቃልም «ቁጣ» ነው፣ የግሪኩ ጀግና የአኪሌስ ቁጣ። ከመሀል ይጀምራል፣ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል፣ የቀረውን እየመለሰ ያነሣል። ስለዚህ ርዝመቱ የመጣው ብዙ ዘመን ከመሸፈን ሳይሆን ጥቂቱን ቀን ቀርቦ ከማየት ነው። ተማሪዎችዎ «የዓድዋን ኤፒክ ጻፉ» ሲባሉ ከውጫሌ ውል ጀምረው ሁለት ገጽ ላይ ጦርነቱን የሚጨርሱት ይህን ስለማያውቁ ነው። «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጧት፣ የአንድ ሰዓት ጊዜ ብቻ» ብለው ያዟቸው፤ ወዲያው ይለወጣል።

ኤፒክ የግሪክ ብቻ እንዳይመስል ሁለት ስም ይጨምሩ። ከኢሊያድ እጅግ የሚቀድመው የመስጴጦምያው ጊልጋሜሽ ነው፤ በነነዌ ቤተ መጻሕፍት የተገኘው ቅጂ በ12 የሸክላ ጽላት የተከፈለ ነው። የሕንዱ መሃባራታ ደግሞ በልማድ 100,000 ጥንድ ስንኝ አለው ይባላል። ከዚህ በላይ ስም አይደርድሩ፤ ተማሪ ዝርዝር ይሸመድድና ባሕርዩን ይረሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፦ ኤፒክና ፉከራ። ልዩነቱን በቃል ማስረዳት ያደክማል፤ አንድን ድርጊት በሁለት መልክ ማሳየት ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ድርጊቱ ይህ ይሁን፦ አንድ ሰው ሌሊቱን ተጉዞ፣ ጣርማ በር ላይ እንዳለው ያለ ገደል ወርዶ፣ ጠላትን መለሰ። ለትምህርት ብለን ያዘጋጀነው የመጀመሪያው መልክ ይህ ነው፦

ሌሊቱን ተጉዞ ሲነጋ ደረሰ፥
ገደሉን ወረደ ጠላቱን መለሰ።

ሁለተኛው ይኸው፦

ዘራፍ!
ገደል የወረደ ጨለማው ሳይለየው፥
ጠላት መላሽ ገዳይ ማን ቆሞ የሚያየው!

ተማሪዎቹ ሁለቱንም ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ሁለተኛውን ቆመው። ምጣኔው በሁለቱም የወል ቤት ነው፣ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ «ሌ-ሊ-ቱን-ተ-ጉ-ዞ» ብለው በጣት ያስቆጥሯቸው። ስለዚህ ልዩነቱ ከምጣኔ አይመጣም። ግሱን ይዩ። በመጀመሪያው «ደረሰ፣ ወረደ፣ መለሰ» አለ፤ ነገሩ በተራ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ መጠበቅ ይቻላል። በሁለተኛው «የወረደ፣ መላሽ፣ ገዳይ» ነው፤ ግሱ ወደ ስም ተለውጧል፣ ጊዜ ቆሟል፣ የሚቀጥል ነገር የለም። ፉከራ ድርጊቱን አይተርክም፤ ድርጊቱን እንደ ካባ ለባለቤቱ ያለብሰዋል። ፎካሪው «ገዳይ፣ የእንትና ልጅ» እያለ ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ቢመስልም የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ ቆሞ ጋሻውን እየነቀነቀ፣ ምስክር ባለበት። የኤፒክ ተራኪ ግን ከድርጊቱ ውጭ ነው፤ አኪሌስ አይደለም፣ የአኪሌስ ወገን መሆንም አይጠበቅበትም። ኢሊያድ የጠላትየውን ሄክቶርን ሐዘንና ቀብር በክብር ተርኮ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ፉከራ ለጠላት የሚያለቅስበት ቦታ የለውም።

ይህን ልዩነት እንደ ጉድለት አድርገው እንዳያስተምሩ። «እኛ ኤፒክ የለንም፣ ፉከራ ብቻ ነው ያለን» ብሎ አንገት መድፋት ትርጉም የለውም፤ ፉከራ ሌላ ሥራ የሚሠራ የተሟላ የጥበብ ዓይነት ነው። የሚያገናኛቸው ነገርም አለ። የኤፒክ ዘማሪ ጀግናውን በስሙ ብቻ አይጠራውም፤ «እግረ ፈጣኑ አኪሌስ» ይለዋል፣ አኪሌስ ተቀምጦ እያለም ቢሆን። ምክንያቱ ስንኙን ሳይጽፍ እዚያው እያዜመ የሚገጥም ሰው በምጣኔው ልክ የተሰፋ ዝግጁ ሐረግ ስለሚያስፈልገው ነው፤ አሜሪካዊው የሆሜር ግጥም ተመራማሪ ሚልማን ፓሪ በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዩጎዝላቪያ ወርዶ በሕይወት ያሉ ዘማሪዎችን ድምፅ ቀርፆ ያሳየው ይህንኑ ነው። የኛን ተማሪ በዚህ በኩል ለማስገባት የፈረስ ስም ይመቻል። አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ «አባ ዳኘው» ናቸው፣ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»። የፈረስ ስም ለምጣኔ ተብሎ የወጣ ባይሆንም እንደ «እግረ ፈጣኑ» ሁሉ ሰውየውን በአንድ ሐረግ ያቆመዋል፣ አዝማሪም በግጥሙ ውስጥ እንደልቡ ይጠቀምበታል።

ከዚህ በኋላ ተማሪ «ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው?» ማለቱ አይቀርም። ያሉንን ቃላት አንድ በአንድ ማስቀመጥ ነው፤ እያንዳንዱ ከኤፒክ አንድ ቁራጭ ይይዛል፣ ሙሉውን የሚይዝ ግን የለም።

«ገድል» በጣም ቅርብ የሚመስለው ነው። ከ«ተጋደለ» ጋር አንድ ሥር ነው፣ ትግል አለበት፣ ባለቤቱ አንድ ሰው ነው፣ ተራኪው ሌላ ሰው ነው። «የአርበኞች ገድል» ሲባል አማርኛው ይጥማል፤ «ኤፒክ ተጋድሎ» የሚል ሐረግ ሲገጥምዎ «ገድል» ብሎ መተርጎም ትክክል ነው። የግጥም ዓይነት ሲሆን ግን ያስታል። ገድል በቤተ ክርስቲያን የጻድቅ ወይም የሰማዕት ሕይወት ሲሆን በግዕዝ የተጻፈ ዝርው፣ ማለትም በስንኝ ያልሆነ ጽሑፍ ነው፤ ልደት፣ ተጋድሎ፣ ቃል ኪዳን፣ ተአምር አለው። ቡልጋ ኢቲሳ የተወለዱትን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል ወር በገባ በ24 ሲነበብ ለሚሰማ ሰው «የሆሜር ገድል» ብለው ቢጽፉለት ሆሜርን ጻድቅ አድርጎ ነው የሚረዳው።

«ታሪከ ነገሥት» ወይም «ዜና መዋዕል» የዘመኑን ቅደም ተከተል የሚጠብቅ የቤተ መንግሥት ጽሑፍ ነው። ኤፒክ እንዳየነው ቅደም ተከተል አያስጨንቀውም። «ቀረርቶ»ና «ሽለላ» በዜማ ወኔ የሚቀሰቅሱ ናቸው፤ ፎካሪውን ከመቀመጫው ያስነሡታል እንጂ ታሪክ አይነግሩም። ነገሩን አስተውሎ ለሚሰማ ይልቅ ወደ ኤፒክ የምትቀርበው ሙሾ አውጪዋ ናት። ጀግናው ሞቷል፣ ራሱ መፎከር አይችልም፣ እሷ በራሷ አፍ የሌላውን ሰው ሥራ ለለቀስተኛ ትናገራለች። አጭር ስለሆነች ኤፒክ አትባልም፤ አቋሟ ግን የኤፒክ ተራኪ አቋም ነው።

ስለ ጥንታዊነት ከተጠየቁ ደግሞ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለነገሥታት የተገጠሙትን የጥንት አማርኛ ግጥሞች ያንሡ። ስሙ ከተጉለት ጋር አብሮ የሚነሣው ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከተገጠመላቸው አንዱ ነው፤ ግጥሞቹ እስከ ዛሬ ከደረሱን ቀዳሚ የአማርኛ ጽሑፎች መካከል ናቸው። ዓይነታቸው ግን ውዳሴ ነው፤ ንጉሡን ያወድሳሉ እንጂ በሰፊው አይተርኩም። «የአማርኛ ኤፒክ» ብሎ መጥራት ማጋነን ነው።

የኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ በሰሜን ሸዋ ለኤፒክ በጣም የሚቀርበው ነገር ስም ያልወጣለት ነው፤ ወግና ግጥም ተቀላቅሎ ሲነገር። ሽማግሌው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን የአርበኝነት ዘመን፣ የራስ አበበ አረጋይን ጦር ሲያወሩ በዝርው ይጀምራሉ፤ የታወቀ ቦታ ላይ ሲደርሱ «ያን ጊዜ እንዲህ አለ» ብለው ሁለት ስንኝ ይጥላሉ፤ ከዚያ ወደ ወጉ ይመለሳሉ። ታሪኩን የሚሸከመው ዝርው፣ ስሜቱን የሚሸከመው ግጥም ነው። ተራኪ አለ፣ ጀግና አለ፣ ሰሚ አለ፣ ርዝመትም አለ። የጎደለው ሁሉም በአንድ ምጣኔ አለመነገሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪ ወደ ሰው ልከው የሚያስጠኑ ከሆነ የሚያጠናው ይህን ይሁን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሁለት ተማሪ ያጣምሩ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው በስልክ ይቀርፃል። ከመቅረፁ በፊት ማስፈቀድ ግድ ነው። ጥያቄው «አባባ፣ እስቲ ይፎክሩልኝ» ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ፉከራ ሰርግ፣ ሙት ዓመት፣ የድል በዓል፣ ወይም ስሜት የሚቀሰቅስ ነገር ይፈልጋል፤ በባዶ ሜዳ ፎክር የተባለ ሽማግሌ ወይ ይቆጣል ወይ ከሬዲዮ የሰማውን ይደግማል። ይልቁንም «አባባ፣ የዚህ አምባ ስም ከምን መጣ?» ወይም «አባትዎ ሲያወሩ የሰሙትን ይንገሩኝ» ብሎ በወግ መጀመር ነው። ግጥሙ ቦታው ሲደርስ ራሱ ይመጣል። ሲመጣም አያቋርጡ፤ ያልገባ ቃል ቢኖር ምልክት ይዞ መጨረሻ ላይ ይጠየቃል። ሴቶችን መርሳት ትልቅ ጥፋት ነው፤ የለቅሶውን ግጥም የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ከሠላሳ ደቂቃ በላይ መቅረፅ ለጀማሪ አይመከርም፤ የአንድ ደቂቃን ንግግር በእጅ ገልብጦ መጻፍ ብዙ ደቂቃ ይወስዳልና ተማሪው ግማሹን ሳይጽፍ ይሰለቻል።

ሲጽፉ ገጹን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ። በመጀመሪያው ዝርው ወጉ፣ በሁለተኛው ግጥሙ፣ በሦስተኛው «ማን አለው? ለማን? የት?» የሚለው። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከቀረ ሥራው አላለቀም፤ ማን እንዳለው ያልታወቀ ስንኝ ፉከራ ይሁን ሙሾ መለየት አይቻልምና። አነጋገሩን ወደ መጽሐፍ አማርኛ አያስተካክሉ፤ የመንዙን እንደ መንዝ፣ የምንጃሩን እንደ ምንጃር ይተዉት። አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ፤ ፉከራ የገዳይንም የሟችንም ስም ሊጠራ ይችላል። ከጣልያን ጋር የተደረገ ጦርነት ከሆነ ችግር የለውም፣ የመንደር ደም ከሆነ ግን ስሙን በክፍል ውስጥ ማንበብ የተቀበረ ቂም ሊያስነሣ ይችላል። ስሙን በ«እገሌ» ይተኩት።

ወደ ሌሎቹ የኤፒክ ጎረቤቶች እንለፍ፤ እነዚህ አጭር ናቸው።

ጎረቤቱ «ቴአትር» ሲሆን ይጠንቀቁ። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ብሬክት የታወቀበት «ኤፒክ ቴአትር» ትልቅ ወይም የጀግና ቴአትር ማለት አይደለም። በጀርመንኛ ቃሉ «ተራኪ» የሚለውን የጥንት ትርጉሙን ጠብቋል፤ ተመልካቹ በስሜት ከመዋጥ ይልቅ ራቅ ብሎ እንዲያስብ ታሪኩ የሚነገርበት፣ ተዋናዩ አንዳንዴ ቀጥታ ለተመልካች የሚናገርበት አሠራር ነው። «ተራኪ ቴአትር» ቢሉት ይበቃል። «ታላቅ ቴአትር» የሚለው ትርጉም ተማሪን ፈተና ላይ የሚጥል ነው።

«ፊልም» ወይም «ልብ ወለድ» ሲሆን ርዝመትን፣ ብዙ ገጸ ባሕርይን፣ ሰፊ የታሪክ ዳራን ያሳያል። «ሰፊ ታሪካዊ ፊልም» ጥሩ ነው፤ ታሪካዊ ካልሆነ «ሰፊ» ብቻውን ይበቃል።

«ጉዞ»፣ «ውጊያ»፣ «ትግል» ሲሆን ደግሞ ኤፒክ ያደረገው ምን እንደሆነ ጠይቀው ያንን ይጻፉ። የሸዋ ጦር ወደ ዓድዋ ያደረገው «ኤፒክ ጉዞ» ቢባል ቃሉ የሚሸከመው ወራት የፈጀውን እርምጃ፣ ስንቁን፣ አቀበቱን ነው፤ «ወራት የፈጀ አድካሚ ዘመቻ» ከ«ታላቅ ጉዞ» በብዙ ይሻላል። «ዘመቻ» የሚል ቃል እያለን «ጉዞ» ማለትም ያሳዝናል።

ወጣቶች ስልክ ላይ «ኤፒክ!» ሲሉ ተረክም ጀግናም የለም፤ አድናቆት ብቻ ነው። «አሪፍ»፣ «ጉድ ነው»፣ እንደ ሰውየው ዕድሜ ይምረጡ። «ኤፒክ ፌይል» ሲሉም «እንክትክት ብሎ ወደቀ» ዓይነት ነገር ነው። ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ደግሞ «ኤፒክ» በውስጡ ትንንሽ «ስቶሪ» የሚባሉ ሥራዎች የሚከፋፈሉበት ትልቅ የሥራ ክፍል ነው፤ በዚያ ሙያ የተለመደ መጠሪያ ስለሆነ አይተርጉሙት፣ እንዳለ ይጻፉት።

አጻጻፉን በተመለከተ «ኤፒክ» ይጻፉ፤ «ኢፒክ»ም «ኤፕክ»ም እየተቀላቀሉ አንድ ጽሑፍ ውስጥ መምጣት የለባቸውም። የግጥሙን ዓይነት ሲያስተዋውቁ መጀመሪያ «ረጅም ተራኪ የጀግንነት ግጥም» ብለው አንድ ጊዜ ይግለጹ፣ «ኤፒክ» የሚለውን ከጎኑ ያስቀምጡ፣ ከዚያ በኋላ በ«ኤፒክ» ብቻ ይቀጥሉ። ብዙ ቁጥሩ «ኤፒኮች» ነው። ተማሪ «ኤፒካዊ» ብሎ ከመጣ ይቀበሉት፤ ግን በየዐረፍተ ነገሩ ከደጋገመው ቃሉን ሰርዘው «ተራኪ? ረጅም? ጀግንነት ያለበት? ወይስ አሪፍ?» ብለው ኅዳጉ ላይ ይጻፉለትና አንዱን መርጦ እንዲመለስ ያድርጉ።